መልስ፦ «65 ጨዋታ ተሸንፈን እንዴት 5ኛ ምርጫ ይደርሰናል?»

የዩታ ጃዝ ደጋፊ ሆይ፣ በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (NBA) ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋቾችን የሚመርጡበትን ተራ የሚለየው ዕጣ አልተጭበረበረም፤ ሕጉ ራሱ እንደዚያ ነበር። ዩታ ጃዝ እ.ኤ.አ. በ2025 17 አሸንፎ፣ 65 ተሸንፎ መጨረሻ ቢወጣም የ1ኛ ምርጫ ዕድሉ 14 በመቶ ብቻ ነበር። ከ2019 ወዲህ ከታች ያሉት ሦስቱም ቡድኖች እኩል 14 በመቶ ነበራቸው።

አሠራሩ በዚያ ዓመት እንዲህ ነበር፦ ከ1 እስከ 14 ቁጥር ከተጻፈባቸው ኳሶች አራት ይወጣሉ። ከ1001 ጥምረት አንዱ ይጣላል፤ ከቀሪው 1000 መጨረሻ ለወጣው 140 ይደርሰዋል። በዕጣ የሚለዩት ግን ከ1ኛ እስከ 4ኛ ብቻ ነበሩ፤ ሌላው በውጤት፣ ከመጨረሻው ቡድን ጀምሮ ነበር። ስለዚህ 5ኛ የመሆን ዕድላችሁ 48 በመቶ ገደማ ነበር። ዳላስ እኮ በ1.8 በመቶ ነው አንደኛ የወጣው!

ንዴትህ ወደ አመራሩ ይሂድ። ኮከባቸውን ላውሪ ማርካነንን ባለማሰለፋቸው ሊጉ 100,000 ዶላር ቀጥቷቸዋል። መጨረሻ የመውጣት ትርፉ? ከታች ሦስተኛ የሆነው እስከ 7ኛ ሊወርድ ሲችል፣ መጨረሻው ከ5ኛ አያልፍም ነበር፤ በቃ።

አንድ ጥንቃቄ፦ በጦሳ ተራራ ብርድ ሌሊት 11 ሰዓት እየተነሳህ ሽንፈት ከመመኘትህ በፊት ምርጫው የራሳችሁ መሆኑን አጣራ። በዝውውር የተሰጠ ምርጫ ብዙ ጊዜ ገደብ አለው፤ «እስከ 8ኛ ከሆነ ይቀርልናል» ከተባለና 9ኛ ከወጣ፣ ለሌላ ቡድን ያልፋል።