መልስ፦ የእንግሊዝኛዎቹ ቃላት ክራውድ (crowd) እና ሞብ (mob) አንድ ናቸው?

«መዝገበ ቃላቱ ክራውድንም ሞብንም ‹ብዙ ሕዝብ› ይላቸዋል፤ አንዱን በሌላው መተካት እችላለሁ?» ብለህ ጠይቀሃል። አትችልም። ከተካህ ሳታስበው ሰው ልትሰድብ ትችላለህ።

ክራውድ ገለልተኛ ቃል ነው። ብዙ ሰው አንድ ቦታ ተሰብስቧል ማለት ብቻ ነው። ባቡር የሚጠብቀውም፣ ኳስ የሚያየውም ክራውድ ነው። ሞብ ግን ቁጣ አለበት። የሚጮህ፣ መስኮት የሚሰብር፣ ከቁጥጥር የወጣ ሕዝብ ነው። በአማርኛ ሰውን «መንጋ» ስንል ያለውን ስሜት አስበው። ቃሉ ራሱ «ሞቢሌ ቩልጉስ» ከሚለው የላቲን ሐረግ ተቆርጦ የቀረ ነው። «ዛሬ እዚህ፣ ነገ እዚያ የሚዋልል ተራ ሕዝብ» እንደማለት ነው። ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ስድብነቱ አልለቀቀውም። ስለዚህ ስለ አንድ ሰልፍ ሲጽፍ አንዱ ጋዜጠኛ ክራውድ፣ ሌላው ሞብ ካለ፣ ሁለተኛው ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። እኔ እንዲህ ዓይነት ዜና ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ይህችን ቃል ነው።

ሌላው ተቀራራቢ ቃል ኦዲየንስ (audience) ቀላል ነው፤ ታዳሚ በለው። ሥሩ «መስማት» ነውና ለኮንሰርትና ለቲያትር ይሆናል። ለስታዲየም ተመልካች ስፔክቴተርስ (spectators) ይሻላል።

«ሰዎች» ማለት የሆነው ፒፕል (people) ላይ «ኤስ» መጨመርም ሁልጊዜ ስህተት አይደለም፤ ፒፕልስ «ሕዝቦች» ማለት ነው። ፐርሰንስም (persons) «ሰዎች» ማለት ነው፤ ግን የሕግና የማስታወቂያ ቋንቋ ነው። ተራ ወሬ ላይ ከተጠቀምክበት ፖሊስ ትመስላለህ።