«የነፍስ ስሜት»፣ «ፍትወት» ወይስ «ሕማማት»?

ጥያቄ፦ የፍልስፍና ተማሪ ነኝ። ለክፍል ሥራ የፈረንሳዩ ፈላስፋ ዴካርት ስለ ስሜት ከጻፈው መጽሐፍ ጥቂት አንቀጾች ወደ አማርኛ መለስኩ። ርእሱን «የነፍስ ስሜቶች» አልኩት። መምህሬ «ስሜት በጣም ሰፊ ነው፤ ብርድም ይሰማል። ፍትወት በለው» አሉኝ። ጓደኛዬ ደግሞ «ፓሲዮን የሚለው የፈረንሳይኛው ቃል በላቲን መከራ መቀበል ማለት ስለሆነ ሕማማት ነው የሚባለው» ይላል። ማን ነው ልክ? ቀጥዬ የሆላንዱን ፈላስፋ የስፒኖዛን መጽሐፍ ልተረጉም ነው፤ እሱንስ በምን ልበለው?

መልስ፦ ልክ እርስዎ ነዎት። ግን መምህርዎ ያነሱት ነገር የዋዛ አይደለም፤ ከእሱ ልጀምር።

እውነት ነው፣ በአማርኛ ብርድ ይሰማናል፣ ረሃብ ይሰማናል፣ ደስታም ይሰማናል። ለሁሉም «ተሰማኝ» ነው የምንለው። ዴካርትም የተነሣው ከዚሁ ሰፊ ቦታ ነው። መጽሐፉ በ1649 በፈረንሳይኛ ታተመ። እዚያ ላይ ነፍስ የሚሰማትን ነገር በሦስት ይለያል። የደወል ድምፅና የችቦ ብርሃን ውጭ ካለ ነገር እንደመጡ እናውቃለን። ረሃብንና ጥማትን ለአካላችን እንሰጣቸዋለን። ደስታንና ቁጣን ግን የነፍስ የራሷ አድርገን እንቆጥራቸዋለን። መጽሐፉ በዋናነት የሚያወራው ስለዚህ ስለ ሦስተኛው ነው። ስለዚህ ሰፊውን ቃል የሚያጠበው ርእሱ ላይ ያለው «የነፍስ» ነው። እሱን እስካልጣሉ ድረስ «ስሜት» አያሳስትም።

«ፍትወት» አይሆንም። በግእዝ ፈተወ ማለት ወደደ፣ ተመኘ ነው። የዛሬ አንባቢ ግን ፍትወት ሲባል ወዲያው የሚያስበው የሥጋን ነው፤ መነኩሴ የሚታገለውን ዓይነት። ዴካርት መሠረታዊ የሚላቸው ስሜቶች ስድስት ናቸው፦ መደነቅ፣ ፍቅር፣ ጥላቻ፣ ምኞት፣ ደስታና ሐዘን። የመጀመሪያው መደነቅ መሆኑን ልብ ይበሉ። አዲስ ነገር ሲገጥመን፣ ይጥቀመን ይጉዳን ገና ሳናውቅ የሚይዘን ስሜት ነው። እንዲያውም መደነቅ ልብንና ደምን አይነካም፣ የሚነካው አንጎልን ብቻ ነው ይላል። ይህን ፍትወት ብሎ የሚያስኬድ ካለ ይምጣና ያሳየኝ! ደግሞም መጽሐፉ ሊያልቅ ሲል፣ ስሜቶች ሁሉ በተፈጥሯቸው መልካም እንደሆኑ፣ ልንጠነቀቅ የሚገባን ከአጠቃቀማቸውና ከልክ ማለፋቸው ብቻ እንደሆነ ይናገራል። «ፍትወት» ገና ከርእሱ ላይ ይፈርድባቸዋል።

መደነቅን ካነሣን፣ «አድናቆት» ብለው እንዳይጽፉት። አድናቆት ዛሬ ማክበር፣ ማመስገን ሆኗል። ዴካርት አክብሮትን ከመደነቅ የሚወለድ ሌላ ስሜት አድርጎ ለብቻው አስቀምጦታል።

ጓደኛዎ የቃሉን ዘር በትክክል ይዟል። የላቲኑ ፓሲዮ መቀበል፣ መሠቃየት ከሚል ግስ የመጣ ነው። የክርስቶስን መከራም አውሮፓውያን በዚሁ ቃል ነው የሚጠሩት፤ እኛ ሰሙነ ሕማማት እንደምንለው። ግን የቃል ዘር መመሳሰሉ ለትርጉም አይበቃም። «የነፍስ ሕማማት» የሚል ርእስ ያየ አንባቢ የጸሎት መጽሐፍ መስሎት ያነሣዋል። ሕመምም አብሮ ይሰማዋል። የጥንቱ ሮማዊ ጸሐፊ ሲሴሮ እዚሁ መንታ መንገድ ላይ ቆሞ ነበር። ግሪኮች ስሜትን የሚጠሩበትን ቃል ወደ ላቲን ሲመልስ፣ ቃል በቃል «በሽታዎች» ማለት እችል ነበር፣ ግን ከእኛ አነጋገር ጋር አይሄድም ብሎ «መናወጥ» የሚል ቃል መረጠ። ለዴካርትማ በሽታ የሚለው ጭራሽ አይሆንም። በመጽሐፉ መግቢያ ላይ፣ ስለ ስሜት የምጽፈው እንደ ተናጋሪ ወይም እንደ ሥነ ምግባር ፈላስፋ ሳይሆን እንደ ተፈጥሮ ተመራማሪ ነው ብሏል። ለነገሩ ወደዚህ ሥራ የገፋፋችው የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ ናት። በ1645 በደብዳቤ ስሜቶችን አብራራልኝ ብላ ያዘችው። ነፍስ አካልን እንዴት ታንቀሳቅሳለች ብላ ያፋጠጠችውም እሷው ናት።

ወደ ስፒኖዛ ስንመጣ ነገሩ ይከብዳል። የእሱ «ሥነ ምግባር» በ1677 ከሞተ በኋላ በላቲን ታተመ። እዚያ ሁለት ቃላት አሉ፦ አፌክቱስና ፓሲዮ። ብዙዎች ሁለቱንም «ስሜት» ይሏቸዋል። አምስተኛው ክፍል ላይ ያለውን አንድ ዐረፍተ ነገር በዚህ መንገድ ተርጉመው ይዩት፦ «ስሜት የሆነ ስሜት፣ ጥርት ያለ ሐሳብ ስንይዝለት ስሜት መሆኑ ይቀራል።» ምን ማለት ነው? ምንም።

አፌክቱስ ሰፊው ነው። የአካል የመሥራት ኃይል ሲጨምር ወይም ሲቀንስ፣ ከዚያም ጋር ያለው ሐሳብ፣ አፌክቱስ ይባላል። ለዚህ ለውጥ በቂው ምክንያት እኛው ከሆንን እያደረግን ነው። ካልሆንን እየተደረገብን ነው፤ ፓሲዮ የሚለው ይህን ነው። የሰዋስው ትምህርት እዚህ ጋ ይደርስልናል። አድራጊና ተደራጊ ግስ ብለን አይደል የተማርነው? አፌክቱስን «ስሜት»፣ ፓሲዮን «ተደራጊ ስሜት» ይበሉት። ያ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይሆናል፦ «ተደራጊ የሆነ ስሜት፣ ጥርት ያለና የተለየ ሐሳብ ስንይዝለት ተደራጊነቱ ይቀራል።» አሁን ስፒኖዛ ተናገረ። ተደራጊ ደስታ አለ፣ አድራጊ ደስታም አለ። አድራጊ ሐዘን ግን በእሱ ዘንድ የለም፤ ሐዘን ኃይላችን ሲቀንስ የሚመጣ ነውና።

ስፒኖዛ መሠረታዊ የሚላቸው ሦስት ብቻ ናቸው። መደነቅን ጭራሽ ከስሜት አይቆጥረውም። ሦስቱ ደስታ፣ ሐዘንና ፍላጎት ናቸው። «ፍላጎት» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። የዴካርቱ ወደፊት የሚያይ ስለሆነ «ምኞት» ይስማማዋል። ለስፒኖዛ ግን ነገሩ የሰው ህላዌ ራሱ ነው፤ በሕይወት ለመቆየት የሚደረገው ጥረት፣ ሰው ሲያውቀው። አንድን ነገር መልካም ነው ስላልን አንፈልገውም፤ ስለምንፈልገው ነው መልካም የምንለው ይላል። እዚህ ላይ «ምኞት» ቢባል የአየር ላይ ቤተ መንግሥት ይመስላል።

አንዳንድ ሰዎች «ደስ አለኝ፣ ጨነቀኝ፣ ገረመኝ» የምንለውን ይዘው፣ አማርኛ ስሜትን ሁሉ እንደ ተደራጊ ነው የሚያየው ይላሉ። እኔ አልቸኩልም። ወደድኩ፣ ጠላሁ፣ ተመኘሁ፣ አዘንኩም እንላለን፤ እዚያ ላይ አድራጊው እኔ ነኝ። ከዴካርት ስድስቱ አራቱ እንዲህ ናቸው። ከግስ ርባታ ፍልስፍና ማውጣት ደስ ይላል፣ ግን አያስተማምንም።

ሁለት ትንንሽ ነገሮች ልጨምር። ብዙ ቁጥሩ «ስሜቶች» ነው፤ «ስሜታት» አይልመዱ፣ ማንም አይልም። «ስሜታዊ» የሚለውን ቅጽልም ይተዉት። በሰፈር ቋንቋ «ስሜታዊ ሆነ» ማለት ራሱን መቆጣጠር አቃተው፣ ቱግ አለ ማለት ነው። ስለዚህ «ስሜታዊ ሁኔታ» ከሚሉ «የስሜት ሁኔታ» ይበሉ። መምህርዎ አሁንም ካልተስማሙ፣ የመደነቁን አንቀጽ አውጥተው ያሳዩአቸው፤ ቁጥሩ 71 ነው።