የስልክ ሶፍትዌር ሲታደስ፣ ወደ ኋላ ሲመለስና ሲቀየር፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ሁሉም የስልክን ሶፍትዌር ስለማደስ፣ ወደ ቀድሞው ስለመመለስ ወይም በሌላ ስለመተካት የሚጠይቁ ናቸው። ከመልሶቹ በፊት አንድ ነገር እናስቀድም። በስልክ ውስጥ ካለው ነገር አብዛኛው እንደገና ሊወርድና ሊጫን ይችላል፤ ጥቂቱ ግን በዚያው ስልክ ላይ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ አንዴ ከጠፋ አይተካም። ምክራችን ሁሉ የሚነሳው ከዚህ ልዩነት ነው።

ጥያቄ፦ አዲሱን አፕዴት ከጫንኩ ወዲህ የስልኬ ባትሪ ቶሎ ቶሎ ያልቅብኛል፤ አዲሱ ገጽታም አልተስማማኝም። የቀድሞውን ፈርምዌር (የስልኩን ዋና ሶፍትዌር) አውርጄ ኦዲን በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ልጭን ስሞክር ሥራው ገና ሲጀምር ይቋረጣል፤ ስክሪኑ ላይም የሶፍትዌሩ ቁጥር ፍተሻ አለመሳካቱን የሚገልጽ መልእክት በቀይ ይወጣል። ከሌላ ቦታ ያወረድኩትን ፋይል ብሞክርም ውጤቱ ያው ነው። ችግሩ የፋይሉ ነው ወይስ የኬብሉ?

መልስ፦ ፋይልዎም ሆነ ኬብልዎ ደህና ሳይሆኑ አይቀሩም፤ እምቢ ያለው ስልኩ ራሱ ነው። ስልክ ሲበራ ከሁሉ አስቀድሞ የሚሠራው ቡትሎደር የሚባለው ፕሮግራም ሲሆን፣ ይህ ፕሮግራም ሊጫን የቀረበው ሶፍትዌር በአምራቹ የተፈረመ መሆኑን ከማጣራቱ በተጨማሪ የሶፍትዌሩን የደኅንነት ቁጥር በቺፑ ውስጥ ከተመዘገበው ቁጥር ጋር ያመሳክራል። በቺፑ ውስጥ ያለው ቁጥር ወደ ላይ ብቻ የሚሄድ ነው። ኦዲን የሚጠቀሙ ከሆነ ስልክዎ ሳምሰንግ ነው፤ በሳምሰንግ ስልኮች ይህን ቁጥር ሳይጭኑ አስቀድመው ማየት ይችላሉ። ሴቲንግ ውስጥ ገብተው ስለ ስልኩ በሚገልጸው ገጽ ላይ የተጻፈውን ረጅም የፈርምዌር ስም ያግኙና ከመጨረሻው ፊደል ወደ ኋላ ይቁጠሩ፤ 5ኛ ሆኖ የሚያገኙት ቁጥር ወይም ፊደል እሱ ነው። ያወረዱት ፋይል ስም በዚሁ ቦታ ላይ ከስልክዎ ያነሰ ቁጥር ካለው፣ ፋይሉን ከየትም ቢያመጡት፣ ኮምፒውተርና ኬብል ቢቀያይሩም አይጫንም። ቁጥሩ እኩል ከሆነ ግን ብዙ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል።

ይህ አሠራር የአንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም። ጎግል አንድሮይድ 8 ሲወጣ ባስተዋወቀው የማስነሻ ማረጋገጫ ሥርዓት ውስጥ ወደ ኋላ መመለስን የሚከለክል መቁጠሪያ አካቷል፤ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2022 አንድሮይድ 13ን ለፒክስል 6፣ ለፒክስል 6 ፕሮ እና ለፒክስል 6ኤ ሲለቅም የቡትሎደሩ ቁጥር ከፍ በማለቱ ወደ አንድሮይድ 12 መመለስ የማይቻል መሆኑን አስታውቋል። የአፕል መንገድ ደግሞ ሌላ ነው። አይፎን ሶፍትዌር ሲጫንበት የአፕልን ሰርቨር ፈቃድ ይጠይቃል፤ ሰርቨሩም አዲስ ቅጂ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ ለአሮጌው መፈረሙን ያቆማል። ከዚያ በኋላ የአሮጌው ፋይል በእጅዎ መኖሩ አይጠቅምም። ፊርማው ባልተቋረጠበት አጭር ጊዜ ውስጥ ቢመለሱ እንኳ በአዲሱ አይኦኤስ ላይ የተሠራ ባክአፕ በአሮጌው ላይ አይከፈትም፤ ስለዚህ የሚያስፈልግዎት ከአፕዴቱ በፊት የተያዘ ባክአፕ ነው።

ብዙ አንባቢዎች ይህን እንደ በደል ይቆጥሩታል። እኛ ክልከላውን እንደግፋለን። አፕዴቶች ከሚሠሯቸው ነገሮች አንዱ በአሮጌው ሶፍትዌር ውስጥ የተገኘን ቀዳዳ መድፈን ነው፤ አሮጌውን መልሶ መጫን ቢፈቀድ ስልክዎን የሰረቀ ሰው ቀዳዳውን መልሶ ከፍቶ ሊገባበት ይችል ነበር። የማንደግፈው ነገር ቢኖር አብዛኞቹ አምራቾች መመለሻ እንደማይኖር አፕዴቱ ከመጫኑ በፊት በግልጽ አለመናገራቸው ነው። የስልኩ ባለቤት ይህን አውቆ መወሰን ይገባዋል።

ቁጥሩ እኩል ሆኖ መመለስ ቢችሉም ስልኩ ላይ ያለው መረጃ ሁሉ መጥፋቱን አስቀድመው ይቀበሉ። በአንድሮይድ ስልክ ላይ ያለው መረጃ የተመሰጠረ ነው፤ የምስጢር ቁልፎቹም ከአንድሮይዱ ቅጂና ከደኅንነት ማሻሻያው ቀን ጋር የተሳሰሩ በመሆናቸው አዲሱን የለመደ ቁልፍ በአሮጌው ሥር አይሠራም። ኦዲን ላይ ሲኤስሲ የሚለውን ፋይል ትተው ሆም ሲኤስሲን መምረጥ አፕዴት ሲያደርጉ መረጃን ያስቀራል፤ ወደ ኋላ ሲመለሱ ግን በእሱ መተማመን አይገባም፤ ስልኩ ሎጎ ላይ ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ስለ ባትሪው ግን ተስፋ አይቁረጡ። ከትልቅ አፕዴት በኋላ ባሉት ጥቂት ቀናት ስልኩ አፕሊኬሽኖችን እንደገና ስለሚያዘጋጅና ፋይሎችን ስለሚመድብ ባትሪ መብላቱና መሞቁ የተለመደ ነው። አፕሊኬሽኖቹን ሁሉ ያድሱ፣ ሴቲንግ ውስጥ ባትሪውን የሚበላው የትኛው እንደሆነ ይመልከቱ፤ ከሳምንት በኋላም ካልተሻለ ባክአፕ ይዘው በአዲሱ ሶፍትዌር ላይ እንዳለ ፋክተሪ ሪሴት ያድርጉ። ወደ ኋላ ለመመለስም መረጃውን ማጥፋትዎ ካልቀረ፣ የደኅንነት ማሻሻያውን ሳያጡ ማጥፋቱ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የእህቴ ስልክ ሌሊት አፕዴት ሲያደርግ አድሮ ጠዋት ሎጎ ላይ ቆሞ ተገኘ። ይጠፋል፣ ይነሳል፣ ተመልሶ እዚያው ይቆማል። ያሳየነው ባለሙያ ሪሴት ከተደረገ ይስተካከላል ብሎናል፤ ነገር ግን በስልኩ ውስጥ የእናታችን ፎቶዎችና የድምፅ መልእክቶች አሉ፤ እናታችን በሕይወት የሉም፤ ባክአፕም አልተያዘም። ሪሴት ከተደረገ በኋላ ፎቶዎቹን በፕሮግራም ማውጣት ይቻላል?

መልስ፦ አይቻልም፤ ስለዚህ እባክዎን ሪሴት አያስደርጉ። ሪሴት ሲደረግ አስቀድሞ የሚጠፋው የምስጢር ቁልፉ ነው፤ ከዚያ በኋላ በማከማቻው ውስጥ የሚቀረው ማንም ሊያነበው የማይችል የተመሰጠረ መረጃ ነው። የጠፋ ፎቶ እንመልሳለን የሚሉ ፕሮግራሞች በድሮዎቹ ያልተመሰጠሩ ስልኮች ላይ ይሠሩ ነበር፤ አንድሮይድ 10ን ይዘው የወጡ ስልኮች ግን ሁሉም የተመሰጠሩ ናቸው።

መረጃ የማያጠፉ ብዙ እርምጃዎች ስላሉ አንድ በአንድ ይሞክሩ። መጀመሪያ ስልኩን በደንብ ቻርጅ አድርጉትና የማብሪያውንና የድምፅ መቀነሻውን ቁልፍ አንድ ላይ ለ20 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ በግድ አስነሱት። አንድሮይድ 7 እ.ኤ.አ. በ2016 ከወጣ ወዲህ ብዙ ስልኮች ሲስተሙን በሁለት ቦታ ያስቀምጣሉ፤ አፕዴቱ የሚጻፈው ሥራ ላይ ባልሆነው ቦታ ስለሆነ አዲሱ ደጋግሞ መነሳት ሲያቅተው ቡትሎደሩ ራሱ ወደ ቀድሞው ይመልሰዋል። ስለዚህ ስልኩ ጥቂት ጊዜ ጠፍቶ ቢነሳ አትደንግጡ፤ በመሃል አታቋርጡት። ይህ ካልሆነ ሪከቨሪ ወደሚባለው የስልኩ የጥገና ገጽ ግቡ። እዚያ የምታገኟቸው ሁለት ምርጫዎች ስማቸው ስለሚመሳሰል እጅግ መጠንቀቅ ያስፈልጋል፤ ዋይፕ ካሽ ፓርቲሽን የሚለው ጊዜያዊ ፋይሎችን ብቻ ያጸዳል፣ ዋይፕ ዳታ የሚለው ግን ሁሉንም ያጠፋል። በሁሉም ስልክ ላይ ባይኖርም የመጀመሪያውን ካገኛችሁት ሞክሩት።

ቀጥሎ ያለው መንገድ ከሁሉ ይልቅ ተስፋ የሚሰጥ ነው። አምራቹ ለዚያ ሞዴል የሚያወጣውን ሙሉ የአፕዴት ፋይል ካገኛችሁ፣ ሪከቨሪው ውስጥ በኤዲቢ (በኬብል ከኮምፒውተር) ወይም በሜሞሪ ካርድ አፕዴት መጫን የሚለውን መርጣችሁ በስልኩ ላይ ካለው እኩል ወይም አዲስ የሆነ ቅጂ ብትጭኑ፣ የተበላሸው ሲስተም ሲተካ የተጠቃሚው መረጃ በቦታው ይቀራል። ስልኩ አይፎን ከሆነ ደግሞ ሪከቨሪ ሞድ አስገብታችሁ ከኮምፒውተር ጋር አገናኙትና አፕዴት የሚለውን ምረጡ፤ ሪስቶር የሚለው መረጃውን ያጠፋዋል። ፋይሉ ለመውረድ ከ15 ደቂቃ በላይ ከወሰደ ስልኩ ከሪከቨሪ ሞድ ይወጣል፤ እስኪወርድ ጠብቃችሁ እንደገና አስገቡት። ባለሙያውንም ከሥራው በፊት መረጃው እንዳይነካ አጥብቃችሁ ንገሩት። ለሌሎች አንባቢዎች ደግሞ ይህን እንጨምር፤ ከሪከቨሪ ሪሴት የተደረገ አንድሮይድ ስልክ እንደገና ሲነሳ ቀድሞ የገባበትን የጎግል አካውንት ይጠይቃል፤ የይለፍ ቃሉን ሳያስታውሱ ሪሴት ማድረግ አንዱን ችግር በሌላ መተካት ነው።

ጥያቄ፦ ሚዲያቴክ ቺፕ ያለውን ስልኬን ኤስፒ ፍላሽ ቱል በሚባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ፍላሽ ካደረግሁ (ሶፍትዌሩን እንደገና ከጫንኩ) በኋላ ስልኩ በደንብ ይነሳል፤ ነገር ግን ሲም ካርድ አይሠራም፣ ስልኩን ከሌሎች የሚለየው የአይኤምኢአይ ቁጥሩም ጠፍቷል። ምን ተፈጠረ?

መልስ፦ ፎርማት ኦል የሚለውን ምርጫ ሳይጠቀሙ አይቀሩም። ይህ ምርጫ በፈርምዌር ፋይሉ ውስጥ የሌለውን፣ በፋብሪካ ለእርስዎ ስልክ ብቻ የተጻፈውን ክፍል ጨምሮ ያጠፋል፤ አይኤምኢአዩና የሬዲዮ ማስተካከያው የሚቀመጡት እዚያ ነው። ያንኑ ፈርምዌር መቶ ጊዜ ቢጭኑት አይመለስም። አስቀድመው የያዙት የዚያ ክፍል ቅጂ ካለዎት እሱን መልሰው ይጻፉ፤ ከሌለዎት በሳጥኑ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር ይዘው ወደ አምራቹ የጥገና ማዕከል ይሂዱ። የሌላ ስልክ አይኤምኢአይ ማስገባት በብዙ አገሮች ወንጀል ነው። ወደፊት ዳውንሎድ ኦንሊ የሚለውን ብቻ ይምረጡ፤ ፋይሉ የእርስዎ ሞዴል መሆኑን ካላረጋገጡም ፕሪሎደር (ስልኩ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) የሚለው ላይ ምልክት አያድርጉ፤ የተሳሳተ ፕሪሎደር የገባበት ስልክ ጨርሶ ላይበራ ይችላል።

ጥያቄ፦ አምራቹ አፕዴት ማቅረብ ላቆመበት ስልኬ በአንድሮይድ ላይ የተመሠረተውን ሊኒየጅኦኤስ ልጫንበት አስቤያለሁ። የባንክ አፕሊኬሽኔ ይሠራል? ከጫንኩ በኋላ ቡትሎደሩን መልሼ ብቆልፈው ደኅንነቱ አይጨምርም?

መልስ፦ ሐሳብዎ ጥሩ ነው። ሊኒየጅኦኤስ እ.ኤ.አ. በ2016 መጨረሻ ከተቋረጠው ሳያኖጅንሞድ የቀጠለ ሥራ ሲሆን፣ አምራቾቻቸው የተዋቸው ብዙ ስልኮች ዛሬም ማሻሻያ የሚያገኙት በእሱ ነው። ነገር ግን የሚያድሰው አንድሮይዱን እንጂ የሞደሙንና የሌሎች ቺፖችን ዝግ ሶፍትዌር አይደለም፤ ያ ክፍል አምራቹ በተወው ደረጃ ይቀራል።

መጀመሪያ ቡትሎደሩ ሌላ ሶፍትዌር እንዲቀበል የሚከፈት መሆኑን ያረጋግጡ። አንዳንድ አምራቾች ጨርሶ አይፈቅዱም፤ ሻዎሚ ካመለከቱ በኋላ ብዙ ጊዜ ለቀናት ያስጠብቃል፤ በሳምሰንግ ላይ ደግሞ ሌላ ሶፍትዌር ሲጫን የኖክስ ፊውዝ (ስልኩ መነካቱን ለዘለቄታው የሚመዘግበው ምልክት) ይቃጠላል፤ ዋናውን ፈርምዌር መልሰው ቢጭኑም እንደተቃጠለ ይቀራል፤ የግል ፋይሎች የሚቆለፉበት ሴኪዩር ፎልደርም ከዚያ ወዲያ አይሠራም። መክፈቱ ራሱ መረጃውን ሁሉ ያጠፋል። ፋይል ሲያወርዱ በስልኩ የገበያ ስም ሳይሆን በሞዴል ቁጥሩና ፕሮጀክቱ በሰጠው መለያ ስም ይመሩ፤ በአንድ የገበያ ስም የሚሸጡ ስልኮች የተለያየ ቺፕ ሊኖራቸው ይችላል። የመጫኛ መመሪያው አስቀድሞ መኖር አለበት የሚለውን የአምራቹን ፈርምዌር ቁጥርም አይዝለሉ፤ ተጭኖ አልነሳም ከሚሉን አንባቢዎች ብዙዎቹ የዘለሉት ይህንን ነው። ፋይሉ ሳይበላሽ መውረዱን የሚያሳየውን ሻ-256 የሚባል ቁጥር ከገጹ ላይ ካለው ጋር ያስተያዩ።

የባንክ አፕሊኬሽኑን በተመለከተ ዋስትና ልንሰጥ አንችልም። ብዙዎቹ ፕሌይ ኢንተግሪቲ በሚባለው የጎግል አገልግሎት በኩል ስልኩ ዋናውን ሶፍትዌር ይዞ እንደሆነ ይጠይቃሉ፤ ቡትሎደሩ ክፍት የሆነ ስልክ ከፍተኛውን ደረጃ አያልፍም፤ ባንኩ የትኛውን ደረጃ እንደሚጠይቅ የሚወስነው ራሱ ነው። ፍተሻውን የሚያታልሉ ዘዴዎች አሉ፤ ዛሬ ሠርተው ነገ ሊዘጉ ስለሚችሉ ገንዘብዎ የሚንቀሳቀስበትን ስልክ በእነሱ ላይ እንዲመሠርቱ አንመክርም። ሁለት ስልክ ካለዎት አሮጌው ላይ ሊኒየጅኦኤስን ይጫኑ፣ ባንኩን በሌላው ይያዙ።

መልሶ መቆለፉን ግን ይተዉት። የተቆለፈ ቡትሎደር የሚቀበለው በሚያውቀው ቁልፍ የተፈረመ ሲስተም ብቻ ስለሆነ፣ ሌላ ሶፍትዌር ጭነው ሲቆልፉት ስልኩ መነሳቱን ሊያቆም ይችላል። የተጠቃሚውን የራሱን ቁልፍ መዝግበው መቆለፍን የሚፈቅዱ ጥቂት ስልኮች አሉ፤ እንደ ሊኒየጅኦኤስ በአንድሮይድ ላይ የተመሠረተው ግራፊንኦኤስ በፒክስል ስልኮች ላይ ተቆልፎ የሚሠራው በዚህ ምክንያት ነው። በሌሎቹ ላይ መቆለፍ ያለብዎት ሁሉንም ነገር ወደ አምራቹ ዋና ሶፍትዌር ከመለሱና ስልኩ ሳይቆለፍ በትክክል መነሳቱን በዓይንዎ ካዩ በኋላ ብቻ ነው። በሻዎሚ ስልኮች ላይ ሚ ፍላሽ የሚባለውን የመጫኛ ፕሮግራም የሚጠቀሙ ከሆነም ከታች ያለውን ምርጫ ሳይጀምሩ ይመልከቱ፤ አጥፍቶ የሚቆልፈው ተመርጦ ሊገኝ ስለሚችል አጥፍቶ ብቻ ወደሚያቆመው ይቀይሩት።