ስለ ብረት ቅጥቀጣ ጠይቁ፤ ሰይፍን ግን አታንሱብኝ

ሰሞኑን አንድ የ15 ዓመት ልጅ ከሰንዳፋ «ብረት መቀጥቀጥ በትርፍ ጊዜዬ መጀመር እፈልጋለሁ፤ ከየት ልነሣ?» ብሎ ጠየቀኝ። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላችሁ ብዙ ስለሆናችሁ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ሁለት ነገር፦ ዚንክ የተቀባ ብረት እሳት ውስጥ አይገባም፤ ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይነድም። ደጋግሜ እላለሁ፤ የሰለቸው ይዝለለው።

የሰንዳፋው ልጅ፦ ጋሼ፣ ያለኝ የአባቴ መዶሻ ብቻ ነው። ምን ምን ልግዛ?

መልስ፦ መዶሻው አንድ ኪሎ ገደማ ከሆነ ይበቃሃል፤ ከዚያ የከበደ ክንድህን ይጎዳዋል። መስፍ፣ ማለትም ብረቱ ተቀምጦ የሚቀጠቀጥበትን፣ ለመግዛት አትሩጥ። ከጋራዥ የተጣለ ወፍራም የብረት ጉማጅ፣ 30 ኪሎም ቢሆን፣ በባሕር ዛፍ ግንድ ላይ አጥብቀህ እሰረው። ቁመቱ ቀጥ ብለህ ቆመህ የተጨበጠ እጅህ ከሚደርስበት አይለፍ። ለምድጃ አሮጌ የመኪና ቸርኬ ፈልግና ውስጡን በጭቃ ለስነው። ጭቃው ሳይደርቅ እሳት ብትለኩስ ይፈነዳል፤ ጥቂት ቀን ታገሥ። ንፋሱን ከወናፍ ወይም ከተጣለ የጸጉር ማድረቂያ ታገኛለህ። ንፋስ ማስገቢያው ጥቁር የብረት ቧንቧ ይሁን፤ ነጩ የውሃ ቧንቧ ዚንክ የተቀባ ነው። ጉጠት እስክታገኝ አንድ ሜትር የሚሆን ፌሮ ያዝ፤ አንዱ ጫፍ ሲግል ሌላው በእጅ ይያዛል። የዓይን መከላከያ መነጽርና የጥጥ ልብስ የግድ ነው። ናይለን ልብስ ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።

ባለ ጋራዡ፦ ለመስፍ ከሀዲድ ቁራጭ የሚበልጥ የለም።

መልስ፦ ሻጩ ከየት እንዳመጣው እስካልተናገረ ድረስ አይገዛም። ልጁን ለጨዋታ ብለህ ፖሊስ ጣቢያ አታስገባው።

የሱሉልታው፦ ከሰሉ የግራር ይሁን። የባሕር ዛፍ ከሰል እፍ ሲሉት ያልቃል።

ባለ ጋራዡ፦ አገሩን የጨረሰው ይኸው የግራር ከሰል ነው! እኔ በባሕር ዛፍ ከሰል ስንት መጥረቢያ አሳልቻለሁ።

የሱሉልታው፦ መሳል ሌላ፣ መቀጥቀጥ ሌላ።

መልስ፦ ሁለታችሁም ተዉት። የግራሩ ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ይቆያል፤ የባሕር ዛፉ ቀላል ነውና ቶሎ ያልቃል፤ በሁለቱም ብረት ይግላል። ጀማሪ ያገኘውን ያንድድ።

የቡራዩዋ እናት፦ ልጄ ይህንኑ ካልሠራሁ ብሎ አስቸገረኝ። ዝናብ ሲመጣ ማዕድ ቤት ውስጥ ቢሠራ ምን አለበት?

መልስ፦ አይሆንም፣ እመቤቴ። ወናፍ የሚነፋበት ከሰል ከቡና ምድጃ እጅግ ይበዛል፤ የሚወጣው ጋዝ ሽታ የለውም፤ ሰው ራሱን እስኪስት አያውቀውም። ግድግዳ የሌለው የቆርቆሮ ጥላ ይሥራ፤ ከደረቅ ቅጠልና ከአጥር ይራቅ፤ ባልዲ ውሃ አጠገቡ ይኑር። አንድ ነገር ደግሞ ይንገሩልኝ፦ የጠቆረ ብረት ሁሉ የበረደ ብረት አይደለም። ጀማሪ እጁን የሚያቃጥለው በቀይ ብረት ሳይሆን መሬት ላይ በተጣለ ጥቁር ብረት ነው።

ስም የለሽ፦ ስለ ብረት ሥራ ቢያስረዱን?

መልስ፦ ምኑን?

የለገጣፎው ወጣት፦ የጃፓን ሰይፍ በስንት ጊዜ መሥራት እችላለሁ?

መልስ፦ ርእሱን አላነበብህም። መጀመሪያ የከሰል መቆስቆሻና መንጠቆ ሥራ። ባለ 10 ሚሊ ሜትር ፌሮ ውሰድና ጫፉን አሹል። ጫፉን እያንከባለሉ መምታት መሐሉን ይሰነጥቀዋል፤ መጀመሪያ አራት ማዕዘን፣ ቀጥሎ ስምንት፣ በመጨረሻ ክብ አድርገው። ይህን ሳይሰነጥቅ የሠራ ሰው ተመልሶ ስለ ቢላዋ ይጠይቀኝ።

የሰበታው፦ እኔ ጫፍ ማሾል ችያለሁ። ቢላዋ ከፌሮ ይሻላል ወይስ ከባሌስትራ?

መልስ፦ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይምጣ! ፌሮ ለግንባታ የተሠራ ነው፤ ብረትን የሚያጠነክረው ካርቦን በአብዛኛው አነስተኛ ስለሆነ ስለቱ አይቆይም። ባሌስትራ ግን የመኪና ክብደት የሚሸከም፣ ለመጠንከር የተሠራ ብረት ነው። ስንጥቅ እንደሌለው መርምር፤ ብዙ ዘመን ጭነት የተሸከመ ባሌስትራ በዓይን በቀላሉ የማይታይ ስንጥቅ ሊኖረው ይችላል።

ቅጥቀጣው በብርቱካናማ ቀለም ነው። ወደ ደብዛዛ ቀይ ሲወርድ አቁምና መልሰህ አግል፤ በበረደ ባሌስትራ ላይ መምታት ብረቱን ይሰነጥቃል። ነጭ ሆኖ ብልጭታ ከረጨ ደግሞ ተቃጥሏል፤ ያንን ቆርጠህ ጣል። ቀለሙን የምታየው በጥላ ሥር ነው። የእኛ አገር የቀትር ፀሐይ ያታልላል፤ የጋለው ብረት ጥቁር መስሎህ ትጨምርበትና ታቃጥለዋለህ።

ቅርጹ ሲያልቅ ማጠንከር ይመጣል። ማግኔት በሽቦ አንጠልጥልና ብረቱን አስጠጋው። 770 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ሲደርስ ማግኔቱ መሳቡን ይተዋል። ከዚያ በኋላ ቀለሙ ትንሽ ደመቅ እስኪል ጠብቅና፣ ለብ ባለ የምግብ ዘይት ውስጥ በጫፉ ቀጥ አድርገህ አጥልቀው። ዘይቱ የብረት ዕቃ ውስጥ ይሁን፤ ክዳን አዘጋጅ፤ ነበልባል ይነሣል። ውሃ ውስጥ ብትከተው ቋ የሚል ድምፅ ልትሰማ ትችላለህ፤ ያ ድምፅ የድካምህ መሰንጠቅ ነው። ከዘይቱ የወጣው ቢላዋ ሞረድ አይበላውም፤ ቢወድቅ ግን እንደ ብርጭቆ ይሰበራል። ስለዚህ ወዲያው በኦቨን 200 ዲግሪ ላይ አንድ ሰዓት፣ ካበረድህ በኋላ ደግሞ አንድ ሰዓት አቆየው። በብርጭቆ ወረቀት አሽተህ ያጸዳኸው ቦታ የገለባ ቀለም ይይዛል። ሰማያዊ ከሆነ አልፏል፤ ለቢላዋ ልል ነው።

ስም የለሽ፦ ሞተር ዘይት አይሆንም?

መልስ፦ የተቃጠለ ዘይት ጭስ መርዝ ነው። የምግብ ዘይት ብያለሁ።

ነጋዴው፦ ሥራው ያተርፋል?

መልስ፦ ምናለሽ ተራ ሄደህ ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃ የሚሠሩትን ጠይቅ። እኔ የምመልሰው በትርፍ ጊዜ ለሚሠሩ ነው።

የገላኗ ልጅ፦ ጋሼ፣ አያቴ «የጠይብ ሥራ ነው፤ ጎረቤት ምን ይላል?» ትላለች።

መልስ፦ አያትሽን በአክብሮት አስረጃት። ዐፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ባለእጆች ሰብስበው የሴባስቶፖልን መድፍ አሠርተዋል፤ ዳግማዊ ምኒልክም ባለእጅን የሚሰድብ እንዳይኖር በአዋጅ ከልክለዋል። የሚሰድበው ገበሬ ማረሻውና ማጭዱ ከቀጥቃጭ እጅ የወጡ ናቸው። በአካባቢሽ ቀጥቃጭ ካለ ፈቃድ ጠይቀሽ ወናፍ ንፊለት። ከእኔ መልስ ይልቅ ያ ይጠቅምሻል።

የሱሉልታው፦ ዱሮ ግን ምስጢሩ ከአባት ለልጅ እንጂ ለሌላ አይነገርም ነበር።

ባለ ጋራዡ፦ ተነግሮህም ቢሆን በግራር ከሰል አቃጥለህ ትጨርሰው ነበር!

መልስ፦ የከሰሉ ነገር ተዘግቷል።

ብየዳ ተማሪ፦ ዚንክ ያለው ብረት ላይ ከመሥራቴ በፊት ወተት ብጠጣስ?

መልስ፦ ወተት ምግብ ነው፤ መከላከያ አይደለም። ዚንክ በ907 ዲግሪ ይፈላል፤ ቅጥቀጣ ከዚያ በላይ ነው። ነጭ ጭሱን የሳበ ሰው ከሰዓታት በኋላ ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል፤ ወባ መስሎት ክሊኒክ ይሄዳል። ሦስተኛ ጊዜዬ ነው፦ አይገባም!

የሰንዳፋው ልጅ፦ ቸርኬ አግኝቻለሁ ጋሼ። ከጋራዥ አንድ የመኪና ንዝረት ማብረጃ፣ አሞርዛተርም ሰጡኝ። እርሱን አግዬ ብቀጠቅጠውስ?

መልስ፦ እንዳትነካው! ዘይትና ጋዝ የታሸገበት ነው፤ እሳት ውስጥ እንደ ቦምብ ይፈነዳል። አሁኑኑ መልስላቸውና በምትኩ የተሰበረ ባሌስትራ ለምናቸው። ቸርኬውን ለስነህ ሲደርቅ ደግሞ፣ ከመለኮስህ በፊት ጻፍልኝ።