ፖሊስ ለምን ይተኩሳል? ጥያቄና መልስ

ስለ ፖሊስና ኃይል አጠቃቀም የሚወጡ የሥነ ልቦና ጥናቶችን ማንበብ ልማዴ ነው። ያላችሁን ጥያቄ ወርውሩ ብዬ ነበር፣ አላሳፈራችሁኝም። ጥናቱ በብዛት የአሜሪካ ነው። ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ፖሊስ ጥቁር ሲያይ ቶሎ ይተኩሳል የሚባለው ተረጋግጧል?

በከፊል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆሹዋ ኮረልና ባልደረቦቹ በ2002 ያሳተሙት ጥናት የኮምፒውተር ጨዋታ ነበር። ስክሪኑ ላይ ድንገት ሰው ብቅ ይላል። በእጁ ሽጉጥ፣ ወይም ሞባይል፣ ወይም የገንዘብ ቦርሳ ይዟል። ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ «ተኩስ» ወይም «ተው» የሚለውን ቁልፍ መጫን ነው። ተጫዋቾቹ የታጠቀ ጥቁር ላይ ፈጠኑ፤ ያልታጠቀውን ጥቁር ለመተው ደግሞ ዘገዩ። በ2007 የወጣው ጥናት የዴንቨር ፖሊሶችን ጨመረ። ፍጥነታቸው ላይ ያው አድልዎ ታየ፤ የመጨረሻ ውሳኔያቸው ግን ከተራው ሰው የተሻለ ሆነ። ሎይስ ጄምስ የምትባል ተመራማሪ በበኩሏ ትልቅ ስክሪንና እውነተኛ የሚመስል ታሪክ ተጠቅማ ተቃራኒውን አገኘች፦ ፖሊሶቹ ጥቁር ላይ ለመተኮስ ይበልጥ ዘገዩ። እኔ ሁለቱንም በጥንቃቄ ነው የማየው። ላብራቶሪ ውስጥ ማንም አይሞትም፣ ተፈታኙም እየታየ መሆኑን ያውቃል።

«የራሴን ተኩስ አልሰማሁም» የሚል ፖሊስ ይዋሻል?

የግድ አይደለም። ዴቪድ ክሊንገር ራሱ ፖሊስ የነበረ ተመራማሪ ነው፤ ሰው ላይ የተኮሱ 80 ፖሊሶችን አነጋግሯል። አብዛኞቹ ድምፅ እንደራቀባቸው ነገሩት። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ ጊዜው ተጎተተባቸው። ይህ ግን የተኩሱን ትክክለኛነት አያሳይም። ምስክርነት ሲሰማ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር ነው እንጂ ነጻ መውጫ ወረቀት አይደለም።

ታዲያ ሥልጠና ይለውጣቸዋል?

እንደ ሥልጠናው። የኒው ዮርክ ፖሊስ ከ2018 ጀምሮ ስለ ስውር አድልዎ (ሰው ሳያውቀው ስለሚያደርገው አድልዎ) አሠለጠነ። ተመራማሪዎች ሲለኩት ፖሊሶቹ ስለ ጉዳዩ ያላቸው ዕውቀት ጨምሯል፤ መንገድ ላይ የሚሠሩት ግን ይህ ነው የሚባል ለውጥ አላሳየም። በአሜሪካዋ ሉዊቪል ከተማ ለፖሊሶች የተሰጠው ሌላ ዓይነት ነው። አትቸኩል፣ ራቅ በል፣ ከለላ ያዝ፣ አነጋግር ይላል። በ2022 በታተመው ጥናት ኃይል የተጠቀሙባቸው አጋጣሚዎች በ28 በመቶ ቀነሱ፤ የፖሊሶቹም ጉዳት ቀነሰ።

እኔን የሚገርመኝ ግን የቆየው ነው። ኒው ዮርክ በ1972 መቼ መተኮስ እንደሚቻል መመሪያውን አጠበቀች፤ የተተኮሰ ሁሉ እንዲመረመርም አደረገች። ተመራማሪው ጄምስ ፋይፍ ሲያጠናው ተኩሱ በግልጽ ቀንሷል፣ ለፖሊሶቹም የባሰ አደጋ አልመጣም። የማንንም ልብ ማንም አልመረመረም። ሰው «ፖሊሱ ዘረኛ ነው ወይስ አይደለም?» ብሎ ሲከራከር ይውላል፤ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው መመሪያው ምን ይላል፣ ለማሰብ ስንት ሰከንድ ነበረው የሚለውን ነው።

ፖሊሶች ልብሳቸው ላይ የሚያደርጉት ካሜራስ?

በካሊፎርኒያዋ ሪያልቶ ብዙ ለወጠ ተባለ። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ ከ2,000 በላይ ፖሊሶች ተሞክሮ ግን ልዩነቱ ኢምንት ሆነ። ለማስረጃነት ይጠቅማል።

እዚህ እስራኤል ልጆቻችንን ያለ ምክንያት ያስቆሟቸዋል። ይህም ሥነ ልቦና ነው?

እህቴ፣ የያኔው የፖሊስ ሹማችሁ ሮኒ አልሼክ በ2016 ኢትዮጵያዊን ይበልጥ መጠርጠር ተፈጥሯዊ ነው ብለው ነበር። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያውያን ላይ ያለውን ዘረኝነት እንዲያጠና መንግሥት ያቋቋመው የፓልሞር ኮሚቴ አድልዎ መኖሩን አምኖ ሪፖርት አወጣ። አእምሮ ቶሎ መፈረጁ እውነት ነው፤ ለዚህ ነው መመሪያ የሚያስፈልገው። ብዙ ሲያስቆሙ ግጭቱም ይበዛል። ተመራማሪው ቶም ታይለር ደግሞ በቺካጎ ሰዎች ሕግ የሚያከብሩት ከቅጣት ፍርሃት ይልቅ ሕጉን የሚያስከብሩት አካላት ፍትሐዊ ናቸው ብለው ሲያምኑ መሆኑን አሳይቷል። በየማዕዘኑ የሚፈተሽ ልጅ ይህን እምነት ከየት ያመጣዋል?

አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ገና መምጣቴ ነው። ትራፊክ ቢያስቆመኝስ?

ከመኪና እንዳትወርድ! አገር ቤት ወርደን ሊብሬ ይዘን ወደ ትራፊኩ መሄድ አክብሮት ነው፤ እዚህ ግን ፖሊሱን ያስደነግጠዋል። ሞተሩን አጥፋ፣ መስኮቱን ዝቅ አድርግ፣ እጅህን መሪው ላይ አድርግ። ወረቀት ሲጠይቅህ «ዳሽቦርዱ ውስጥ ነው፣ ላውጣ?» በለው፤ እሺ ሲልህ ቀስ ብለህ አውጣ።