ለዘንድሮ ጂሲዎች፦ ሲጠሯችሁ ሂዱ

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ጂሲ፣ ማለትም የዩኒቨርሲቲ ተመራቂ ናት። ሰሞኑን ደወለችልኝና «ጋሼ፣ ለመመረቂያ መጽሔቱ ላስት ወርድ አምጡ ተብለናል፤ አንተ ያኔ ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?» አለችኝ። «እኔ እንጃ፣ ረስቼዋለሁ» አልኳት። ውሸቴን ነው። ምንም አልጻፍኩም። መጽሔቱ ዛሬም ቤቴ አለ፤ ከፎቶዬ ስር ስሜና የትምህርት ክፍሌ ብቻ ነው ያለው። ከጎኔ ያለው ልጅ የካፌውን ሽሮ በግጥም ተሰናብቶታል። አንዷ የዶርም ጓደኞቿን አንድ በአንድ በስም ጠርታ አመስግናለች። እኔ ኮሚቴው በጠየቀኝ ቁጥር «አሁን ሥራ ላይ ነኝ፣ ነገ» ስል መጽሔቱ ማተሚያ ቤት ገባ።

ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነገሩ ሲከነክነኝ አመሸ። ለዚህ ነው የምጽፍላችሁ።

የማልመክራችሁን ቀድሜ ልንገራችሁ። አጥኑ አልላችሁም፤ የመውጫ ፈተናው ራሱ ያስጠናችኋል። ስለ ሱስም አላወራም፤ እናቶቻችሁ ነግረዋችኋል። ሲቪ እንዴት እንደሚጻፍ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። እኔ በደንብ የማውቀው ነገር ቢኖር ሲጠሩ መቅረትን ነው።

የተማርኩት አለማያ ነው፤ ዛሬ ሐረማያ የምትሉት። በ80ዎቹ አጋማሽ እኛ ስንገባ ስሙ አለማያ የግብርና ዩኒቨርሲቲ ነበር። ያኔ በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲ የሚባሉት አዲስ አበባና አለማያ ብቻ ነበሩ። ዛሬ የመንግሥቶቹ ብቻ ከ40 በላይ ናቸው። ስለዚህ ያን ጊዜ አንድ ልጅ ማትሪክ አልፎ ሲሄድ ነገሩ የሰፈር ጉዳይ ነበር። እኔን ጎረቤት ተሰብስቦ መርቆ ነው የሸኘኝ። አንዲት ጠላ የሚሸጡ እናት ከመቀነታቸው ፈትተው ብር ሰጡኝ። ያቺ ብር ትንሽ ነበረች፤ ግን ግቢ ከገባሁ በኋላ ደብተር በከፈትኩ ቁጥር ትታየኛለች። በመጀመሪያው ሴሚስተር ማብቂያ ተባረው ሻንጣቸውን ይዘው የሚወጡትን ልጆች ሳይማ ጭራሽ ባሰብኝ። እንዲህ ሆኜ ነው ቸካይ የሆንኩት። ጎበዝ ስለሆንኩ እንዳይመስላችሁ፤ ፈርቼ ነው።

ግቢው ያለበትን ቦታ ለማታውቁት፣ ከሐረር 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድሬዳዋም ብትሆን 40 ገደማ ነው። አለማያ ደጋ ነው፣ ሌሊት በብርድ ልብስ ላይ ብርድ ልብስ ይደረባል። ደንገጎን ወርደህ ድሬ ስትደርስ ግን ሸሚዝም ይከብድሃል። ልጆቹ ቅዳሜ ቅዳሜ ድሬ ይወርዱና ቀፊራ ገበያ ዞረው፣ የሆነ ሱሪ ተከራክረው ገዝተው፣ በላብ ተጠምቀው ማታ ይመለሳሉ። ከዚያ እስከ ረቡዕ ያንኑ ያወራሉ። እኔ ወሬውን በሙሉ በቃሌ አውቀዋለሁ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላ፣ ሻጩ ምን እንዳለ። አብሬ የነበርኩ እስኪመስል ድረስ።

ዶርማችን ውስጥ ስድስት ነበርን። አንዱ የሐረር ልጅ ነው፣ በግንብ በታጠረችው አሮጌ ከተማ በጀጎል ውስጥ የተወለደ። ቤቱ ቅርብ ስለሆነ ቅዳሜና እሁድ እየሄደ ከእናቱ ምግብ ይዞ ይመጣል። ረመዳን በመጣ ቁጥር ስለ ሸዋሊድ ያወራናል። ከዒድ በኋላ ስድስት ቀን ተጨማሪ ጾም የሚጾሙ አሉ፤ ያ ሲያልቅ ነው ሸዋሊድ የሚከበረው። ሌሊቱን ከበሮ አለ፣ ዚክር የሚሉት መንፈሳዊ ዜማ አለ፣ ወጣቱ ለብሶ አምሮ ይወጣል፣ መተያየቱም የዚያኑ ያህል ነው። ዩኔስኮ በ2016 ዓ.ም. ከማይዳሰሱ የዓለም ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። ያኔ ግን ለእኔ የዶርም ወሬ ነበር።

ሦስተኛ ዓመት እያለን፣ የካቲት አልቆ መጋቢት ሊገባ ሲል፣ ልጁ ሁላችንንም ለሸዋሊድ ጠራን። ዝም ብሎ «ኑ» አይደለም ያለው። «እናቴ ጠርታችኋለች፣ ስድስታችሁም ትመጣላችሁ ብላ ቤቱን አዘጋጅታለች» ነው ያለው። ዶርሙ ተናወጠ። ካልሲ ታጠበ፣ ጫማ ተወለወለ፣ የመኪና ተዋጣ። እኔ ሰኞ ሚድ አለብኝ፤ የአፈር ፊዚክስ። እነሱም አለባቸው እኮ! ያው ፈተና ነው። ግን እኔ አልሄድም አልኩ። ለመኑኝ፣ አልሄድም አልኩ። ተቆጡኝ፣ አሁንም አልሄድም አልኩ። በመጨረሻ አንዱ፣ «እሺ ካልሄድክ ያቺን ነጭ ሸሚዝህን አውሰኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ሸሚዜ ሐረር አደረ፣ እኔ ላይብረሪ አደርኩ።

ያን ሌሊት አስታውሰዋለሁ። ላይብረሪው ሲዘጋ ወደ ዶርም ተመለስኩ። አምስቱም አልጋ ባዶ ነው። ማንበብ ሞከርኩ፣ አንድ ገጽ ላይ ስመላለስ ቆየሁ። ደግሞ የሚገርመው ነገር፣ ዶርሙ ጸጥ ሲልልኝ እንደምመኘው አላጠናሁም። ሁልጊዜ «ዝም በሉ!» እያልኩ የምጮህባቸው እኔ ነበርኩ። ስመኘው የኖርኩት ጸጥታ ሲገኝ አስጠላኝ።

በማግስቱ ከሰዓት ተመለሱ። ድምፃቸው ጠፍቷል፣ ዓይናቸው ቀልቷል፣ ሁሉም አንድ ላይ ያወራሉ። አንዱ ስለ አንዲት ልጅ ያወራል፣ ሌላው ጀጎል ውስጥ መንገድ ጠፍቶት ያንኑ በር ሦስት ጊዜ አንኳኳ። ሸሚዜ ዕጣን ዕጣን እየሸተተ ተመለሰልኝ። የሐረሩ ልጅ በጨርቅ የተቋጠረ ምግብ አውጥቶ ሰጠኝ። «እናቴ ናት፣ ላልመጣው ልጅ ስጠው ብላ» አለኝ። በላሁት። ደብተሬን ሳላጥፍ በላሁት። ይሄ ነው እስካሁን የሚያሳፍረኝ፤ ቀና ብዬ «እንዴት ነበር?» እንኳን አላልኩም።

ሰኞ ተፈተንን። እውነቱን ልናገር፣ እኔ ኤ አመጣሁ፤ ከእነሱ የተሻለው ቢ ነው ያገኘው። ደግሞም ያን ዓይነት ውጤት ባይኖረኝ ኖሮ በኋላ ለማስተርስ አልላክም ነበር። ስለዚህ «ፈተና ምን ይሠራል፣ ጨፍሩ» የሚላችሁን አትስሙት። ማሞኘት ነው። እኔም ራሴ ምኑን ከምኑ ማመዛዘን እንዳለባችሁ ልክ መጠኑን አላውቅም። ግን አንድ ሌሊት ነበረች። አንድ ሌሊት ኤን ቢ አታደርግም፤ ብታደርግስ?

ከተመረቅን ከዓመታት በኋላ፣ በ90ዎቹ መጨረሻ፣ ለመስክ ሥራ ወደዚያ አካባቢ ተላክሁ። መኪናችን አለማያ ስትደርስ ቀና ብዬ ሐይቁን ፈለግሁ። የለም። ተማሪ እያለን እሁድ እሁድ ዳሩን ይዘው የሚንሸራሸሩበት፣ እኔ ከመስኮት የማየው ሐይቅ፣ ሜዳ ሆኖ ከብት ይግጥበታል። የሙያዬ ነገር ስለሆነ ትንሽ ልቀጥል። ለሐረር ከተማ የመጠጥ ውሃ ከእሱ ይሄድ ነበር። የዙሪያው ገበሬ በፓምፕ እየሳበ ጫትና አትክልት ያጠጣል። ከኮረብታው ላይ ዛፍ ሲመነጠር አፈሩ በጎርፍ እየታጠበ ሐይቁ ውስጥ ይተኛል። ከታች እየተደፈነ፣ ከላይ እየተቀዳ፣ በ90ዎቹ አጋማሽ ደረቀ። በቅርብ ዓመታት እንደገና ውሃ መያዝ ጀምሯል፣ ደስ ይላል። እኛ ግን ክፍል ውስጥ ስለ አፈር መሸርሸር ስንማር ምሳሌው ከመስኮቱ ማዶ ነበር፤ አንድ ቀን ወርጄ አላየሁትም።

ሐረር ስደርስ ልጁን ፈልጌ አገኘሁት። ወፍሯል፣ ወልዷል፣ ሳቁ ያው ነው። እናቱ ቤት ወሰደኝ። ገና በሩን ሳልፍ እናቱ አተኩረው አዩኝና በአማርኛ፣ «ይሄ ነው የማይመጣው ልጅ?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ሞላ። እኔም ሳቅኩ። ሆጃ የሚሉት የሐረር ትኩስ መጠጥ ቀረበ፣ ተጫወትን። በኋላ ብቻችንን ስንሆን፣ «እንዴት እስካሁን ያስታውሱኛል?» አልኩት። «በየዓመቱ ይጠይቁ ነበር እኮ» አለኝ። «እኛ ደግሞ ከዚያ በኋላ ስንወጣ ቀስ ብለን ነበር የምንወጣው፣ እንዳንረብሽህ። እውነቱን ልንገርህ፣ የምትንቀን ይመስለን ነበር።»

እኔ? ንቀት? ፈርቼ የምንቀጠቀጥ ሰው ነበርኩ። ግን በምን ይወቁ? ፍርሃቴን አልነገርኳቸው። የጠላ ሻጯን ብር አልነገርኳቸው። እነሱ የሚያዩት ጀርባዬን ነው። ልጆች፣ እኔ ያንን ፈንጠዝያ መቅረቴ ቆጭቶኝ አይደለም ይህን ሁሉ የማወራው። አራት ዓመት አንድ ዶርም አብረውኝ ያደሩ ሰዎች ሳያውቁኝ ተለያየን።

አሁን ደግሞ እናንተን ትንሽ ልውቀስ። የእናንተ ችግር የእኔ ግልባጭ ነው። ሁሉም ቦታ ትሄዳላችሁ፤ ግን ሄዳችሁ በስልክ ትቀርጻላችሁ። የባለፈው ዓመት የአንዱን ግቢ የመቶ ቀን በዓል፣ ለምርቃት መቶ ቀን ሲቀር የሚከበረውን፣ በቲክቶክ አየሁት፤ ሁሉም ካሜራ ይዟል፣ የሚጨፍር ጠፋ። ሱፉ ኪራይ፣ ኬኩ ለፎቶ። ሙድ ነው ትላላችሁ አውቃለሁ። ደግሞ እንዲህ እያልኩ፣ ከዚያች ከሐረር ሌሊት ልጆቹ ያነሷት አንዲት ፎቶ አለች፤ አምስቱ ቆመው፣ አንዱ የኔን ሸሚዝ ለብሶ። ኮፒዋን ለምኜ ወስጄ ሳሎኔ ሰቅያታለሁ። እንግዳ ሲመጣ «አንተ የቱ ነህ?» ይለኛል። እና ቅረጹ፣ ምን ቸገረኝ።

ከምርቃት በኋላ ያለውን በተመለከተ፣ ያው በሽታ ተከትሎኝ ነው የሄደው። አንድ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ተቀጠርኩ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሐሳቤ ዝውውር ነው። «ለጊዜው ነው» እያልኩ ፍራሽ መሬት ላይ ዘርግቼ ተኛሁ፣ አልጋ አልገዛሁም። ዕድር አልገባሁም፣ ለቅሶ አልደረስኩም። አከራዬ አንድ ቀን ቡና ጠርተውኝ፣ «ልጄ፣ ከእኛ ጋር ነህ ወይስ መንገደኛ ነህ?» አሉኝ። ዕረፍት ባገኘሁ ቁጥር አዲስ አበባ እመጣና አራት ኪሎ ጋዜጣ ተከራይቼ ክፍት የሥራ ቦታ ሳነብ እውላለሁ። ያንን ብታዩ ትወዱት ነበር፤ አስፋልት ዳር ተደርድረን፣ አንዱ ገጽ ሲጨርስ ሌላው እየተቀበለው፣ እርስ በርስ «ይቺ ላንተ ትሆናለች» እየተባባልን። እናንተ በቴሌግራም ብቻችሁን ነው የምታነቡት። ዝውውሩ ከዓመታት በኋላ መጣ። ያ ሁሉ ዓመት ፍራሹ መሬት ላይ ነበር። የመጀመሪያው ሥራችሁ የት እንደሚሆን አላውቅም፤ ብቻ እዚያው አልጋ ግዙ፣ ዕድር ግቡ፣ ለቅሶ ድረሱ።

ስለ ገንዘብ ደግሞ ማንም የማይነግራችሁን ልበል። ደመወዛችሁን ለቤተሰብ በትክክል ንገሩ። ከቤቱ የመጀመሪያ ምሩቅ ስትሆኑ ሰው ዲግሪ ብዙ ብር የሚከፈልበት ይመስለዋል። እኔ አፍሬ አልተናገርኩም፣ የምችለውን ሁሉ ላክሁ፣ እነሱ ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አለው ብለው ቅር ይላቸው ነበር። እርዱ፣ ግዴታችሁ ነው። ግን ፔሮሉን አሳዩአቸው፤ እናት ካየች ራሷ «ይብቃ» ትላለች።

ጓደኞቻችሁን በተመለከተ፣ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ከፍታችሁ አትለያዩ። ያ ግሩፕ በጥቂት ወር ውስጥ የዓመት በዓል ስቲከር መላኪያ ይሆናል። ዕቁብ ጀምሩ። ትንሽም ብትሆን ገንዘብ ያለበት ነገር ሰው አይረሳውም። በሞባይል መላክ ክልክል ይሁን፤ ዕጣ ሲወጣ ሁሉም በአካል ይምጣ፣ የቀረ ቡናውን ይክፈል። ክፍለ ሀገር የተመደበው ልጅ ብቻ ቢቀር ይቅር ይባላል። የመጀመሪያውን ዕጣ ሥራ ላላገኘው ስጡት፣ እስኪያገኝም የእሱን መዋጮ ተካፈሉለት። ዳኛ ደግሞ ከዶርሙ በጣም ጨቅጫቃውን ልጅ አድርጉ፤ እሱ ነው የማይለቃችሁ።