አባትህን እንዳታወጣው

ወንድሜ፣ አባትህ በኮቪድ ተኝቶ ኦክስጅን ላይ ከሆነ 3 ቀኑ ነው ብለሃል። ዘመድ ደግሞ «ሆስፒታል የገባ አይወጣም፤ ቤት አምጡትና ሲሊንደር ተከራዩ» ይልሃል። እኔም ተብዬ ነበር።

1. አታውጣው። ዘመዶችህ የሚያወሩት ስለ 2013 ሚያዝያ ነው። ያኔ አጎቴን ይዘን አራት ቦታ «አልጋ የለም» ተባልን፤ መኪና ውስጥ አረፈ። አሁን እንደዚያ አይደለም። ዋርዱ ግማሹ ባዶ ነው ያልከው ደግ ዜና ነው፤ ነርሷ ትደርስለታለች ማለት ነው።

2. «ያወራል፣ ይበላል» በሚለው አትታለል። በ2014 እናቴ ስትታመም የአጎቴን ነገር ፈርቼ ቤት አስቀመጥኳት። ሲሊንደር ተከራየሁ። የሰፈር ነርስ ጠዋት ማታ ሴፍትሪያክሶን ትወጋታለች። አንቲባዮቲክ ቫይረስን እንደማይነካ ማን ነግሮኝ! እሷ ቁጭ ብላ ታወራለች፣ ቡናም ጠጥታለች። በ4ኛው ቀን ጣቷ ላይ ለክተን ሳቹሬሽኗ፣ ማለትም ደሟ ውስጥ ያለው ኦክስጅን፣ ወርዶ 78 በመቶ ብቻ። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ሲሊንደሩ አለቀ።

ይዣት ስበር ዋርዱ ውስጥ አራት በሽተኛ ብቻ! አራት ቀን ሙሉ ባዶ አልጋ እየጠበቃት ነበር። ገንዘብ ተቀባዩ ግን ስልኩን እየነካካ «መጀመሪያ ዲፖዚት» አለኝ። ልከፍል ስል «ሲስተም የለም»። እናቴ ዊልቸር ላይ ታቃስታለች። የዚያን ቀን አፌን ከፈትኩ፤ አላፍርበትም። ዘበኛው ራሱ ነው ገፍቶ ያስገባት።

ከዚያ በኋላ ሲስተሮቹ ይባረኩ። በየሰዓቱ እየመጡ ይለካሉ፣ በሆዷ ያስተኟታል። ዴክሳሜታዞን ጀመሩላት። ርካሽ መድኃኒት ነው፤ ኦክስጅን ላይ ያለን ሰው የመሞት ዕድል እንደሚቀንስ በ2012 ሰኔ እንግሊዝ አገር የተደረገ ጥናት አሳይቷል። ኦክስጅን ለማያስፈልገው ግን አይጠቅምም፤ ከፋርማሲ ገዝተህ ለራስህ እንዳትውጥ። ደግሞ ስኳር ያንራል። የእናቴ 400 አለፈ፤ ኢንሱሊን ባይደርስላት ሌላ ጣጣ ነበር። ይሄን ቤት ውስጥ ማን ያይልኝ ነበር?

ባዶ አልጋ ያድናል አልልህም። ከእናቴ ፊት ለፊት የተኙት አባት ሁሉም ተደርጎላቸው አርፈዋል። ግን ኦክስጅን አጥተው አይደለም፤ የሚያያቸው ሰው አጥተውም አይደለም። እናቴ በ11ኛው ቀን በእግሯ ወጣች። ሳሏ ግን ወር ቆየ፤ ያን ጊዜ እንዳትደነግጥ።

3 ቁጥር ቀረ መሰለኝ። አባትህ ስኳር አለበት? ካለበት አሁኑኑ ለሐኪሙ ንገር። የማታውን ሳቹሬሽን እዚሁ ጻፍልኝ።